ኤርንስት ዴግነር፦ የሞተር ምስጢር በጭንቅላቱ ይዞ የኮበለለው ሻምፒዮን

ታርጋ የለውም። የፊት መብራት፣ ፍሬቻና ክላክስም የለውም። ገንዘቡን ከፍሎ የገዛው ሰው እንኳ በሕዝብ መንገድ ላይ ሊነዳው አይፈቀድለትም፤ በመኪና ጭኖ ወደ መወዳደሪያ ሜዳ ይወስደዋል፣ እዚያው ይነዳዋል፣ እንደገና ጭኖ ይመልሰዋል። ለውድድር ሜዳ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ሞተር ሳይክል ማለት ይህ ነው። ደመወዝ የሚከፈለው ባለሙያም፣ ሳምንቱን ሙሉ ሠርቶ እሁድ እሁድ በራሱ ኪስ የሚሮጠው አማተርም ይገዛዋል። ለምሳሌ አር 6 የተባለው የያማሃ 599 ሲሲ ሞተር ሳይክል፣ የአውሮፓ የጭስ ሕግ እየጠበቀ በመሄዱ የመንገዱ ዓይነት ከ2020 በኋላ ከአውሮፓ ገበያ ሲወጣ፣ በ2021 ለሜዳ ብቻ ተብሎ ቀርቧል።

ይህ ጉዳይ ለስደተኛ ምኑ ነው የሚል አንባቢ ቢኖር አንፈርድበትም። እኛም ስለ ብረትና ስለ ቤንዚን ብቻ ለመጻፍ አልተነሳንም። ነገር ግን የእነዚህን ሞተሮች ታሪክ ወደ ኋላ እየገለጠ የሄደ ሰው፣ ከፋብሪካዎቹና ከዋንጫዎቹ መካከል አንድ ስደተኛ ቆሞ ያገኛል። ስሙ ኤርንስት ዴግነር ይባላል። አንዳንዱ ሌባ ይለዋል፤ አንዳንዱ ከሃዲ፤ ሌላው ደግሞ ለነፃነቱ የቆረጠ ሰው ይለዋል። ከአገሩ ለወጣ ሰው እነዚህ ስሞች እንግዳ አይደሉም። ስለዚህ የሰውየውን ሕይወት ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እንዘርዝረውና ፍርዱን አንባቢያን ስጡ። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ተፈናቃዩ ልጅ

ዴግነር የተወለደው ሴፕቴምበር 22 ቀን 1931 በላይኛው ሲሌዢያ፣ ግላይቪትስ በተባለች ከተማ ነው። ያን ጊዜ ከተማዋ የጀርመን ነበረች፤ ዛሬ ግሊቪትሴ ተብላ የፖላንድ ናት። ናዚዎች ፖላንድን ለመውረር ሰበብ ሲፈልጉ፣ ኦገስት 31 ቀን 1939 የራሳቸውን ሰዎች ፖላንዳዊ አስመስለው የሬዲዮ ጣቢያ ያስጠቁት በዚችው ከተማ ነበር። ትንሹ ዴግነር ገና ስምንት ዓመት አልሞላውም። በማግስቱ የተጀመረው ጦርነት ሲያበቃ የ13 ዓመት ልጅ ነበር። ድንበሩ ወደ ምዕራብ ተገፋ፤ በሚሊዮን የሚቆጠሩ ጀርመናውያን ቤታቸውን ጥለው ተሰደዱ። ዴግነርም ከእነሱ አንዱ ነበር። እንግዲህ ዓለም ካወቀው ኩብለላ አሥራ ስድስት ዓመት በፊት፣ ይህ ሰው አንድ ጊዜ አገር አልባ ሆኖ ያውቃል ማለት ነው።

ያደገው በሶቪየት ጦር ቁጥጥር ሥር በዋለው፣ በ1949 ደግሞ የጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ተብሎ በተሰየመው ምሥራቃዊ ክፍል ነው። ቴክኒክ ተማረ። በፖትስዳም የሞተር ክለብ ውስጥ ገብቶ መወዳደር ጀመረ። እጁ ለመፍቻም ለመሪም የሚሆን ወጣት ነበር፤ ሞተሩን ፈትቶ የሚገጥመውም፣ በላዩ ላይ ተኝቶ የሚያስጋልበውም ራሱ ነው። ይህ የሁለት ሙያ ባለቤትነቱ በኋላ የመጣውን ሁሉ ስለሚያስረዳ አንባቢ ልብ ይበለው።

ድል አድራጊዎች የተካፈሉት ፋብሪካ

በሳክሶኒ ተራሮች ግርጌ ቾፓው የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ራስሙሰን የተባለ ዴንማርካዊ ባለሀብት በዚያ ያቋቋመው ዴካቬ የተባለ ፋብሪካ፣ ከጦርነቱ በፊት በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የሞተር ሳይክል ፋብሪካዎች አንዱ ነበር። ፋብሪካው አርቴ 125 የተባለች ቀላልና ጠንካራ ሞተር ሳይክል ያመርት ነበር።

ጀርመን ስትሸነፍ ሶቪየቶች የፋብሪካውን ማሽኖች ነቅለው በካሳ ስም ወሰዱ። የአርቴ 125 ንድፍም ለአሸናፊዎቹ ሁሉ ሲሳይ ሆነ። ሶቪየቶች ሞስኮ ላይ ሠሯት። እንግሊዞች ቢኤስኤ ባንታም ብለው ሸጧት። አሜሪካ ውስጥ ሃርሊ ዴቪድሰን 125 ሲሲ አድርጎ አወጣት። የጃፓኑ ያማሃ በ1955 ያወጣው የመጀመሪያው ሞተር ሳይክልም የእሷ ቅጂ ነበር። ማንም ሌባ አልተባለም፤ ነገሩ ካሳ ወይም ንግድ ተባለ። ይህንንም አንባቢ ይያዝልን፤ መጨረሻ ላይ እንመለስበታለን።

የተራቆተው ፋብሪካ በምሥራቅ ጀርመን መንግሥት እጅ ገብቶ እንደገና ቆመ፤ በ1950ዎቹም ኤምዜድ የሚለውን ስም ያዘ። የውድድር ክፍሉን ከ1953 ጀምሮ የመሩት ኢንጂነር ዋልተር ካደን ነበሩ። ካደን በ1919 እዚያው ሳክሶኒ ውስጥ ተወልደው፣ በጦርነቱ ዘመን በፔኔሙንደ የሚሳይል ምርምር ጣቢያ ሠርተዋል። ከዚያ ጣቢያ የወጡ ብዙ ባለሙያዎች ወደ አሜሪካና ወደ ሶቪየት ኅብረት ሲሄዱ፣ እሳቸው ግን ወደ ትውልድ አካባቢያቸው ተመለሱ። ገንዘብ የለም፣ ጥሩ ብረት የለም፣ መለዋወጫ የለም። የነበራቸው ጭንቅላት ነው።

በጭስ መውጫ ውስጥ የተገኘው ኃይል

ካደን ምን እንዳገኙ ሳንረዳ ዴግነር ምን ይዞ እንደሄደ ልንረዳ አንችልም። አዲስ አበባ ላይ የድሮ ቬስፓ ያየ ሰው ባለ ሁለት ምት ሞተርን ያውቀዋል። ዘይትና ቤንዚን ተቀላቅሎ ይነድበታል፣ ሰማያዊ ጭስ ይተፋል፣ ድምፁ ይንጣጣል። ባለ አራት ምት ሞተር የሚከፈቱና የሚዘጉ ቫልቮች አሉት። ባለ ሁለት ምቱ ግን በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ቀዳዳዎች ብቻ ናቸው ያሉት። የተቃጠለው ጭስ በአንዱ ሲወጣ ያልተቃጠለው ነዳጅ በሌላው ይገባል፤ ችግሩ ከገባው ከፊሉ ሳይቃጠል ከጭሱ ጋር ተከትሎ መውጣቱ ነው። በዚህ ምክንያት ለብዙ ዘመን ባለ ሁለት ምት ሞተር የድሃ ሞተር ተብሎ ተንቆ ኖረ።

ካደን ማርሚታውን ቀየሩት። ከሲሊንደሩ ሲወጣ እየሰፋ የሚሄድ፣ ከዚያ እንደገና እየጠበበ የሚያልቅ ቧንቧ ሠሩ። ጭሱ በኃይል ሲወጣ የግፊት ማዕበል ይፈጥራል፤ ማዕበሉ ከጠባቡ ጫፍ ጋር ተጋጭቶ፣ የገደል ማሚቶ እንደሚመለስ ሁሉ ወደ ኋላ ይመለሳል። ስሌቱ ከተስተካከለ፣ ማዕበሉ የሚመለሰው ያመለጠውን ነዳጅ ወደ ሲሊንደሩ መልሶ ለመጨቆን በትክክለኛዋ ቅጽበት ላይ ነው። ሁለተኛው ዘዴ በነዳጁ መግቢያ ላይ የሚሽከረከር ስስ የብረት ሰሃን ነው፤ መግቢያው መቼ እንደሚከፈትና መቼ እንደሚዘጋ በትክክል ይወስናል። ይህንን ሐሳብ ከእሳቸው በፊት የሞከረው ዳንኤል ሲመርማን የተባለ ጀርመናዊ ሲሆን፣ ካደን ወስደው አሳደጉት። ሦስተኛው ለአዲሱ ነዳጅ የተጨመረ ተጨማሪ መተላለፊያ ነው።

ውጤቱ አስደናቂ ነበር። በ1961 የኤምዜድ 125 ሲሲ ሞተር፣ ማለትም ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በማይበልጥ ስፋት ውስጥ የሚሠራ ሞተር፣ 25 የፈረስ ጉልበት ያህል አወጣ። በሊትር ሲሰላ 200 የፈረስ ጉልበት ይሆናል፤ በተፈጥሮ አየር ብቻ ከሚተነፍሱ ሞተሮች እዚህ ደረጃ የደረሰ የመጀመሪያው ነው ይባልለታል። ያለ ገንዘብ፣ ያለ መሣሪያ፣ ካፒታሊስቶቹን በገዛ ሜዳቸው የሚያሸንፍ ማሽን ተገኘ።

የመንግሥት ጀግና

ዴግነር በ1950ዎቹ አጋማሽ ኤምዜድ ገባ። ተወዳዳሪም የሙከራ ነጂም ሆኖ ከካደን ጎን ሠራ። ካደን ቧንቧውን በጥቂት ሚሊሜትር ሲያሳጥሩት ልዩነቱን በጀርባው የሚሰማው፣ ተመልሶም ለምን እንደሆነ የሚገባው ሰው ነበር። የአስተማሪና የተማሪ ያህል ተቀራርበው ነበር ቢባል ማጋነን አይሆንም።

በ1959 ሞንዛ ላይ፣ በጣሊያኖች አገር፣ የ125 ሲሲውን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። በ1960 ቤልጅየም ላይ ደገመ። በ1961 ደግሞ ሆከንሃይም ላይ፣ በአገሩ ሜዳ ዛክሰንሪንግ ላይ፣ እንደገናም ሞንዛ ላይ አሸንፎ የዓለም ሻምፒዮና ሰንጠረዡን መምራት ጀመረ። ለምሥራቅ ጀርመን መንግሥት ከዚህ የበለጠ የፕሮፓጋንዳ ሲሳይ አልነበረም።

በመንግሥት ጋዜጣ ዝግጅት ክፍል ዓመታት ያሳለፍን እንደ መሆናችን፣ ይህን ዓይነቱን ጀግንነት እናውቀዋለን። ስፖርተኛው ሲያሸንፍ ድሉ የሥርዓቱ ነው፤ ሲሸነፍ ድክመቱ የራሱ ነው። ወደ ውጭ የሚወጣው በተቆጠረ ቀን፣ በተመረጡ ሰዎች ታጅቦ ነው፤ ሚስትና ልጆች አገር ቤት ይቀራሉ። መያዣ ናቸው ብሎ በግልጽ የሚናገር የለም፤ ግን ሁሉም ያውቀዋል። ዴግነርም የሚያሸንፋቸው የምዕራብ ተወዳዳሪዎች የሚያገኙትን ገንዘብ፣ የሚነዱትን መኪናና እንደፈለጉ የሚሻገሩትን ድንበር እያየ፣ እሱ ሚስቱንና ሁለት ወንዶች ልጆቹን ትቶ ይወጣል፤ ተመልሶም ይገባል።

በሌላ በኩል ሱዙኪ የተባለው የጃፓን ኩባንያ አፍሮ ነበር። ሱዙኪ በ1909 ሃማማትሱ ከተማ ላይ የሽመና መሣሪያ በመሥራት የተጀመረ ኩባንያ ነው። ወደ ሞተር ሳይክል ዞሮ በ1960 አይል ኦፍ ማን ላይ ብቅ ቢልም ሞተሮቹ ቀርፋፋና ተሰባሪ ሆኑበት። ባላንጣው ሆንዳ ግን በ1961 እዚያው አይል ኦፍ ማን ላይ የ125 እና የ250 ሲሲውን ውድድር ጠራርጎ ወሰደ። ሱዙኪዎች ባለ ሁለት ምት ሞተር ይሠራሉ፤ ባለ ሁለት ምት ሞተር እንዴት እንደሚሮጥ የሚያውቁት ደግሞ ቾፓው ያሉት ሰዎች ናቸው። በዚያ ክረምት በደሴቲቱ ላይ በሱዙኪ ሰዎችና በዴግነር መካከል ንግግር ተጀመረ። ዋጋው አሥር ሺህ የእንግሊዝ ፓውንድ ነበር ተብሎ በሰፊው ተጽፏል።

የስዊድን እሁድ

ኦገስት 13 ቀን 1961 የምሥራቅ ጀርመን መንግሥት በርሊንን ለሁለት በሚከፍል ሽቦ አጠረ፤ ሽቦው ብዙም ሳይቆይ ግንብ ሆነ። እስከዚያ ቀን ድረስ ወደ ምዕራብ መሻገር የሚፈልግ ቤተሰብ ሻንጣውን ይዞ በከተማ ባቡር ተሳፍሮ ወደ ምዕራብ በርሊን ይገባ ነበር። ከዚያ ቀን በኋላ ግን መንገዱ ሞት ያለበት ሆነ። ዴግነር ሊኮበልል የነበረው ይህ በሆነ በወሩ ነው።

ሴፕቴምበር 17 ቀን 1961 ክሪስቲያንስታድ፣ ስዊድን። ዴግነር ውድድሩን ቢያሸንፍ የዓለም ሻምፒዮንነቱን በእጁ ያስገባ ነበር፤ ለራሱ፣ ለኤምዜድ፣ ለአገሩም የመጀመሪያው ይሆን ነበር። በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ሞተሩ ተሰበረ። በዚያው ዕለት ከቡድኑ ተሰወረ። በዴንማርክ በኩል አድርጎ ምዕራብ ጀርመን ገባ። በዚያው ሰሞን ሚስቱና ልጆቹ በአንድ መኪና የኋላ ዕቃ መጫኛ ውስጥ በተዘጋጀ መደበቂያ ተሸሽገው ድንበሩን ተሻገሩ። ሕፃናቱ ኬላው ላይ እንዳያለቅሱ የእንቅልፍ መድኃኒት ተሰጥቷቸው ነበር ይባላል። በስደት ጎዳና ልጁን ይዞ ድንበር የተሻገረ ወላጅ ይህን ታሪክ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

የምሥራቅ ጀርመን ባለሥልጣናት ከሃዲ አሉት፤ ሞተሩንም ሆን ብሎ አበላሽቷል ብለው ከሰሱት። የውድድር ፈቃዱንም ሰረዙበት። ምዕራብ ጀርመን ሌላ ፈቃድ ሰጠችው። ወደ መጨረሻው ውድድር፣ ወደ አርጀንቲና፣ ሊሄድ አስቦ የነበረ ቢሆንም በውሰት የተዘጋጀለት የእንግሊዝ ሞተር በጊዜው አልደረሰም። የሆንዳው አውስትራሊያዊ ቶም ፊሊስ አሸንፎ ዋንጫውን በሁለት ነጥብ ብልጫ ወሰደ፤ 44 ለ42። ዴግነር የተሻገረበትን ዋጋ በመጀመሪያ የከፈለው በዚህች ሁለት ነጥብ ነው።

የሃማማትሱ ክረምት

በዚያው ዓመት ኖቬምበር ዴግነር ጃፓን ገባ። አንዳንድ ጸሐፊዎች የሞተር ክፍሎችና ንድፎችም ይዞ ነበር ይላሉ። ቢይዝም ባይዝም ዋናው ዕቃ በየትኛውም ኬላ የማይፈተሽ ነበር፤ የቧንቧው ርዝመት፣ የሰሃኑ አከፋፈት፣ የመተላለፊያዎቹ ልክ ሁሉ በጭንቅላቱና በእጁ ላይ ነበር። የሱዙኪ መሐንዲሶች ብረቱ፣ ማሽኑና ገንዘቡ አላቸው፤ የጎደላቸው ቁልፉ ነበር። በአንድ ክረምት ውስጥ አዳዲስ ሞተሮች ተሠሩ።

በ1962 የ50 ሲሲ ዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ ተጀመረ። 8 የፈረስ ጉልበትና 8 ማርሽ ያላት ትንሽዬ ሱዙኪ ላይ ተቀምጦ ዴግነር አይል ኦፍ ማን ላይ አሸነፈ። ኔዘርላንድና ቤልጅየም ላይም ደገመ። ዓመቱ ሲያልቅ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ለሱዙኪ የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮንነት ነበር፤ በጎዳና ውድድር ለባለ ሁለት ምት ሞተርም የመጀመሪያው። በምሥራቅ ጀርመን ምድር ዛክሰንሪንግ ላይ በተካሄደው ዙር ግን አልተገኘም። ከዓመት በፊት በሕዝብ ጭብጨባ ያሸነፈበት ሜዳ አሁን ቢረግጠው እስር ቤት የሚያስገባው ሆኖ ነበር።

የአባይን ልጅ ውሃ ጠማው የሚባለው ለቾፓው ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተርን ለዓለም ያስተማረው ኤምዜድ እስከ መጨረሻው ድረስ አንድም የዓለም ሻምፒዮንነት አላገኘም። ግንቡ ከተሠራ በኋላ የኔቶ አባል አገሮች ለምሥራቅ ጀርመናውያን ቪዛ ስለሚከለክሉ ቡድኑ ብዙ ውድድሮች አመለጡት። በ1963 ታላቁ እንግሊዛዊ ማይክ ሄይልውድ በኤምዜድ ላይ ተቀምጦ ዛክሰንሪንግ ላይ የ250 ሲሲውን ሲያሸንፍ ሞተሩ ምን ማድረግ ይችል እንደነበር ታየ። ኢንጂነር ካደን ግን ተማሪያቸው በጠፋ ማግስት በጥርጣሬ ዓይን ታይተዋል፤ ሽታዚ የተባለው የደኅንነት ተቋምም መርምሯቸዋል። እሳቸው አልኮበለሉም። እዚያው ቾፓው ኖረው፣ ግንቡ ሲፈርስም አይተው፣ በ1996 በ76 ዓመታቸው ዐረፉ።

እሳቱ

ሆንዳ በሱዙካ ያሠራው ሜዳ በ1962 ተከፈተ። ከሜዳው መታጠፊያዎች አንዱ ዴግነር እዚያ ቦታ ላይ በመውደቁ በስሙ ተሰይሟል። ዛሬም የፎርሙላ ዋን መኪናዎች ጃፓን ላይ ሲሮጡ የቴሌቪዥን ተንታኞች የዴግነርን መታጠፊያ ስም ይጠራሉ። ከሚሰሙት ብዙዎቹ ሰውየው ማን እንደነበር አያውቁም።

ኖቬምበር 1963 እዚያው ሱዙካ ላይ በ250 ሲሲው ውድድር የመጀመሪያ ዙር ላይ ወደቀ። ገና ውድድሩ መጀመሩ ስለነበር የቤንዚን ማጠራቀሚያው ሙሉ ነበር። እሳት ተነሳ። ዴግነር ራሱን ስቶ በእሳቱ ውስጥ ቆየ። ፊቱና ሰውነቱ ክፉኛ ተቃጠለ። ቆዳው ከሃምሳ ጊዜ በላይ ተቀዶ ተለጠፈ፤ ወራትን በሆስፒታል አሳለፈ።

ሌላው ሰው ቢሆን በዚህ ያበቃ ነበር። ዴግነር ግን በ1964 ተመለሰ፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ በተቃጠለበት በሱዙካ ሜዳ የ125 ሲሲውን የጃፓን ግራንድ ፕሪ አሸነፈ። በ1965ም ድሎች አገኘ፤ ነገር ግን ዳግመኛ ወድቆ ተጎዳ። በ1966 መጨረሻ ከውድድር ወጣ። በጠቅላላው 15 የግራንድ ፕሪ ድሎች አስመዝግቧል። ከእሳቱ በኋላ የሕመም ማስታገሻው ሱስ ሆኖበት እንደነበር በሕይወቱ ላይ የጻፉ ሰዎች ይናገራሉ።

በመጨረሻ ኑሮውን በስፔን ቴኔሪፍ ደሴት ላይ አደረገ። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1983 እዚያው ሞተ፤ 52 ዓመት ሊሞላው 12 ቀን ቀርቶት ነበር። ምክንያቱ የልብ ድካም ነው ተባለ። ሽታዚ ገደለው የሚለው ወሬ ግን ወዲያው ተነሳ፤ ራሱን አጠፋ ያሉም ነበሩ። ማስረጃ ስላልቀረበ ላም ባልዋለበት ኩበት መልቀም አይገባንም። ወሬው ለምን በቀላሉ እንደታመነ ግን ይገባናል፤ ሽታዚ ከአገር የወጡ ሰዎችን በየሄዱበት ይከታተል እንደነበር በሰነድ የታወቀ ነው። ይህ ተቋም ለእኛም ሩቅ አልነበረም። ምሥራቅ ጀርመን ከ1970ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ከደርግ ቡና እየወሰደች መሣሪያና ከባድ መኪና ስትልክ፣ የሽታዚ አማካሪዎችም አዲስ አበባ ገብተው የደርግን የደኅንነት መሥሪያ ቤት በማደራጀት ረድተዋል። በዚያ ዘመን ጎረቤቱን የፈራ ኢትዮጵያዊና ሆቴል ክፍሉን የፈራ ዴግነር የአንድ ትምህርት ቤት ሰለባዎች ነበሩ።

ዕውቀት የማን ነው?

የዴግነር ክረምት ያፈራው ሱዙኪን ብቻ አልነበረም። ያማሃም በሚሽከረከር ሰሃንና በማዕበል ቧንቧ የሚሠሩ ሞተሮች ይዞ መጥቶ በ1964 የ250 ሲሲውን ሻምፒዮንነት ወሰደ። ከዚያም ነገሩ ከፋብሪካ ቡድኖች እጅ ወጣ። ያማሃ በ1962 ቲዲ 1፣ በ1973 ደግሞ ቲዜድ የተባሉትን፣ ሱዙኪም በ1976 አርጂ 500 የተባለውን፣ ለሜዳ ብቻ የተሠሩ ሞተር ሳይክሎች ገንዘብ ላለው ሁሉ ሸጡ። ከዚያ ወዲህ ጋራዥ ያለው መካኒክ፣ ወይም ዕድሉን የሚሞክር ወጣት፣ ከፋብሪካ ጀግኖች ጎን መሰለፍ የሚችልበት ዘመን መጣ። ባለ ሁለት ምት ሞተር ከ1975 እስከ 2001 ትልቁን የ500 ሲሲ ሻምፒዮንነት ይዞ ቆየ። በኋላ የጭስ ሕግና አዲስ የውድድር ደንብ አሰናበተው። ለተራው ሰው የውድድር ሞተር መሸጥ ግን ልማድ ሆኖ ቀረ፤ መግቢያችን ላይ የጠቀስነው አር 6 የዚህ ልማድ ልጅ ነው።

እንግዲህ ዴግነር ሌባ ነበር? ሶቪየቶች የቾፓውን ማሽኖች በባቡር ጭነው ሲሄዱ፣ እንግሊዝና አሜሪካ ንድፉን ገልብጠው ሲሸጡ ካሳ ተባለ። አንድ ሰው የገዛ እጁ የተማረውን ይዞ ሲሄድ ግን ስርቆት ተባለ። መንግሥት ያደረገው ፖሊሲ፣ ዜጋ ያደረገው ወንጀል የሚሆንበት ሚዛን ለእኛ አዲስ አይደለም። የዜጋውን ጭንቅላት እንደ መንግሥት ንብረት መዝግቦ፣ ቤተሰቡን ደግሞ ለንብረቱ ዋስትና አድርጎ የያዘ ሥርዓት፣ ንብረቴ ተሰረቀ ብሎ የመክሰስ መብት ያለው አይመስለንም። አገር ዕውቀትን የምታቆየው ድንበር በማጠር ሳይሆን ባለ ዕውቀቱ እንዲመለስ የሚያስመኝ ኑሮ በመስጠት ነው።

ነገር ግን በዚህ ብንቆም የስደተኛ ድግስ ብቻ ይሆንብናል። ዴግነር ይዞት የሄደው የራሱ ብቻ አልነበረም፤ የኢንጂነር ካደን የዓመታት ድካም ነበር። መንግሥት ካደንን በደለ፤ ተማሪያቸውም በደላቸው። ጥፋቱ የሁለቱም ሆኖ ዕዳውን የከፈሉት ግን ያልሄዱት ሰው ናቸው። ምርመራውን የተቀመጡት እሳቸው፣ በሌላ አርማ ሥር ሐሳባቸው ሲያሸንፍ ከሩቅ ያዩት እሳቸው ናቸው። የኮበለለ ሰው ገዢዎቹን ለመበቀል የወሰደው ነገር ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ገዢዎቹን ሳይሆን ከጎኑ ባለው ጠረጴዛ ይሠራ የነበረውን ባልደረባ ነው።

ዛሬ በሞተር ሳይክል ታሪክ ጸሐፊዎች ዘንድ የካደን ስም በክብር ይነሳል፤ የማርሚታው አባት ማን እንደሆነም ያውቃሉ። ሱዙካ ላይ ግን የተጻፈው የዴግነር ስም ነው። እኛ ከአገር የወጣን ሰዎች ሁለቱንም ስሞች አብረን ማንሳት ይገባናል። ይዘነው ከወጣነው ሙያ፣ ትምህርትና ልምድ ስንቱ በእኛ ላብ፣ ስንቱ ደግሞ እዚያው በቀሩት አስተማሪዎቻችንና የሥራ ባልደረቦቻችን ላብ እንደተገኘ ቆጥሮ ማወቅ የሚኮንነን ነገር አይደለም። የመንግሥት ዕዳ የለብንም ብሎ በሙሉ አፍ መናገር የሚችል ስደተኛ፣ የሰው ዕዳውን ግን ለይቶ ማወቅ አለበት።